የግርጌው ማሳ እሸት

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም አልነበረም፣ ደሃም አይባልም፤ የውሃ አባት ነበረ።

ምነው ፊትሽ ጠቆረ፣ መምህርት ዝማም? «ስለ ታብሌት ብጠይቀው ስለ ውሃ ያወራልኛል» ብለሽ ከሆነ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ከቆላ ቀበሌዎች የሚመጡት ልጆች እስከ ስድስተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው ሰባተኛ ላይ አንቺ እጅ ይገባሉ። ከዚያ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። የከተማው ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ሲለማመደው የኖረውን እነሱ ከፊደሉ ይጀምሩታል። ዘንድሮ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ታብሌት መጣላችሁ፣ ጓደኞቻቸው ላይ እንዲደርሱበት። የሒሳቡ መምህር «ለልጆቹ ስጧቸውና እኛ እንረፍ፤ በሁለት ወር ይደርሳሉ» አለ። የአማርኛው መምህር «መጋዘን ውስጥ ቆልፉበት፤ ልጅ ከሰው አፍ እንጂ ከመስተዋት አይማርም» አለ። ርእሰ መምህሩ ታብሌቱ የሚያወጣው ሪፖርት አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ አትጨቃጨቁ አላችሁ። አንቺም ሁሉም እውነት ያላቸው እየመሰለሽ ግራ ገባሽና እኔ ዘንድ መጣሽ። «ጋሼ፣ ማንን ልስማ? መሣሪያው ካስተማረ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ልሠራ ነው?» አልሽኝ። ከቆላ ስለመጣችው ተማሪሽ ስለ ዘሃራም ነገርሽኝ። ታብሌቱ በየቀኑ «ገብቷታል» ብሎ አረንጓዴ ያበራላታል፣ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፣ አሁን ደግሞ ከመጪው እረፍት በኋላ አልመለስም ብላለች። ወደ እሷ እመጣለሁ።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በጠመኔ ያስተማርኩ ሽማግሌ ነኝ፤ ታብሌት ስይዝ ጣቴ አይታዘዘኝም። ውሃን ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም ብለሽ ስሚኝ።

ያ የውሃ አባት የሚኖርበት አገር ሰዎች ወንዛቸውን ከላይ በድንጋይና በቅጠል ጠልፈው በአንድ ረጅም ቦይ ያወርዱታል። ማሳዎቹ በቦዩ ዳር ተሰልፈዋል። ከላይ ያሉት ራስጌ፣ ከታች ያሉት ግርጌ ይባላሉ። ውሃው የሚሄደው በተራ ነው፤ ተራውን እንዲያስከብር ሕዝቡ እሱን መርጦ ሾሞታል። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከማሳ ማሳ ይሄዳል። መሬቱ ጠጥቷል ወይስ አልጠጣም ለማለት ዓይኑን አያምንም፤ ባዶ እግሩን ማሳው ውስጥ ያስገባል። ጭቃው ቁርጭምጭሚቱን ከያዘው «ጠግቧል» ይላል። ካልያዘው «ይቆይለት»፣ ካለፈው «ዝጉ» ይላል። በዚያ አገር ገበሬ «ማሳዬን አጠጣሁ» ብሎ አያወራም። «የውሃ አባት ረገጠልኝ» ነው የሚለው።

ቦዩ ግን ረጅም ነው፣ ውሃም በየመንገዱ ይሰረቃል። ግማሹን አፈሩ ይጠጣዋል፣ ግማሹን ፀሐይ ትወስደዋለች፣ ግማሹን ደግሞ፣ ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ፣ የራስጌ ሰዎች ያስቀሩታል። ሦስት ግማሽ አለ እንዴ ካልሽኝ፣ ለግርጌው የሚተርፈውን አይተሽ ፍረጂ።

ከሁሉም በታች ያለው ማሳ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበር። ይህች ሴት ውሃውን ትሰማዋለች። ከላይ ሲንሿሿ፣ ሰዎቹ «ክፈት! ዝጋ!» ሲባባሉ ይሰማታል። ጠዋት ተነስታ የቦዩ አፍ ላይ ትቀመጣለች። ቦዩ ውስጥ አንድ ደረቅ ቅጠል ሲንቀሳቀስ ታይና ውሃው መጣ ብላ ትነሳለች። ነፋስ ነው። ተመልሳ ትቀመጣለች። ውሃው የሚደርሳት አንዳንዴ ነው፤ ሲደርስም ቀጥኖ፣ ደክሞ፣ ለሁለት ትልም እንኳ ሳይበቃ ነው።

ስለዚህ ማሽላዋ ከሌላው ሰው ማሽላ በአንድ ወር ይዘገያል። የዘገየ እህል ደግሞ መከራው ብዙ ነው። ሌላው ሰው አጭዶ ሲጨርስ የአገሩ ወፍ በሙሉ የእሷ ማሳ ላይ ይሰፍራል። ደቦው አልቆ ሰው ተበትኗልና ብቻዋን ታጭዳለች፣ ብቻዋን ትወቃለች። ይህን ሁሉ ችላው ኖራለች። ያልቻለችው አንድ ነገር ነበር።

በዚያ አገር የእሸት ቀን የሚባል አለ። ማሽላው ወተቱን ጨርሶ ፍሬው ሊጠነክር ሲል፣ ሁሉም ከየማሳው አምስት ስድስት ዛላ ቆርጦ ትልቁ ሾላ ሥር ይሰበሰባል። እሸቱ በፍም ይጠበሳል፣ በመዳፍ ይታሻል፣ ገለባው እፍ ይባላል። ሕጉ አንድ ነው፤ በዚያ ቀን ማንም የራሱን እሸት አይበላም። የራሱን ለጎኑ ሰው ያጎርሳል፣ የጎኑን ሰው እሸት እሱ ይጎርሳል።

ያቺ ሴት አሥራ አንድ ዓመት ባዶ እጇን መጣች። ሰው አጭዶ ሊጨርስ ሲል የሚደርስ ማሽላ በእሸት ቀን ገና ቅጠል ነው። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። «ነዪ፣ ከእኛ ብዪ» ብለው ከቀኝም ከግራም ያጎርሷታል። እሷም ትጎርሳለች፣ ትመርቃቸዋለች፣ አብራ ትስቃለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን መንገድ ላይ ቆማ መዳፏን ታየዋለች። ጥላሸት አልነካውም፣ ገለባ አልያዘውም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ የሰው እሸትም ሆድ ይሞላል እንጂ ልብ አያደርስም። ይህች ሴት የምትናፍቀው ብዙ ማሽላ አልነበረም። ከመሞቷ በፊት አንድ ቀን ሾላው ሥር ቆማ «ከእኔ ብሉ» ማለት ነበር የምትናፍቀው።

አንድ ዓመት የዚያው አገር ተወላጅ የሆነ ሀብታም ከከተማ መጣ፣ የውሃ ሞተር በመኪና አስጭኖ። ወንዙ ከግርጌው ማሳ በታች ዞሮ ያልፋል። ሞተሩ ውሃውን ከዚያው ስቦ በቱቦ ሽቅብ ይሰጣል። «ይህ ለግርጌ ሰዎች ነው፤ እነሱም ከሰው እኩል ይድረሱ» አለ። ደግ ሰው ነበር፣ እኔ አላማውም። ለውሃ አባቱም «አንተም አርጅተሃል፣ እግርህን ጭቃ ጨረሰው» ብሎ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ ሰጠው።

ሾላው ሥር ክርክር ሆነ። አንድ የራስጌ ገበሬ «ውሃ ውሃ ነው። ከቦይ ይምጣ ከቱቦ፣ ማሽላው ምን ቸገረው?» አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «የሚያጨስ ነገር ያጠጣው እህል አይባረክም፤ ጭናችሁ መልሱት» አለ። እስኪመሽ ተጨቃጨቁ። የግርጌዋን ሴት ማንም አልጠየቃትም። የእናንተን የመምህራን ክፍል መሰለሽ? ቆይ፣ ገና ነኝ።

የውሃ አባቱም ክርክሩን ዳር ተቀምጦ ሰማ። በልቡ ግን ደስ ብሎት ነበር። ያ የግርጌ መንገድ ጉልበቱን በልቶታል። ደግሞ ሐፍረት ነበረበት። አሥራ አንድ ዓመት ያቺን ሴት የቦዩ አፍ ላይ ተቀምጣ እያያት፣ ወርዶ ደረቅ መሬቷን ረግጦ «ዘንድሮም አልጠጣም፣ አይዞሽ» ብሎ ይመለስ ነበር። አሁን ተገላገለ። «ግርጌው ከእኔ ወጥቷል» አለ። ቦት ጫማውን አጥልቆ ራስጌ ራስጌውን ይዞር ጀመር። የተረፈውን ግማሽ ቀን ሾላው ሥር ከገበሬዎቹ ጋር ይጫወትበታል።

ሞተሩ የተነሳ ቀን ሴትዮዋ አለቀሰች። ውሃው ከቱቦው ሲወጣ ሁለት እጇን ከተተችበት፣ ፊቷን ታጠበችበት፣ ቀሚሷ እስኪበሰብስ ቆመችበት። የዚያን ቀን አልዘጋችውም። በማግስቱም አልዘጋችውም። ልጄ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲናፍቁት የኖሩትን ነገር በምን አንጀት ይዘጉታል? አላፊ አግዳሚው «እሰይ፣ ደረሰልሽ!» ይላታል፣ እሷም ትስቃለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

ጠጥቶ የማያውቅ መሬት ጠባዩ ልዩ ነው። ውሃ በአንድ ጊዜ ሲወርድበት አፉን አይከፍትም። ላይ ላዩ ይላቁጥና ሌላውን ያንሸራትተዋል፤ ውሃውም ሮጦ ዝቅ ያለው ጥግ ላይ ይተኛል። ከሩቅ ለሚያየው ግን ማሳው በሙሉ ያብለጨልጫል። የውሃ አባቱ በየጠዋቱ ራስጌ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል፣ ብልጭልጩን ያያል፣ «ግርጌው ጠግቧል» ይላል። ሀብታሙ ከከተማ ሰው ልኮ ሲያስጠይቅም መልሱ ይኸው ነው፤ «ጠግቧል በሉት።» ሀብታሙም ይደሰታል።

ማሽላው ጉልበት ላይ ሲደርስ ቆመ። ዝቅ ያለው ጥግ ቢጫ ሆነ፣ ከፍ ያለው ቀጨጨ። ሴትዮዋ ስትጨነቅ ውሃ ጨመረች። ሌላ መድኃኒት አታውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጎደላት ውሃ ስለነበር የጎደለ ሁሉ ውሃ መሰላት። ውሃ ስትጨምር ቢጫው ሰፋ። የእሸት ቀን ሊደርስ ሁለት ወር ነበር የቀረው።

አንድ ጠዋት ሞተሩን አጥፍታ ቦዩን ይዛ ሽቅብ ወጣች። የውሃ አባቱን ሾላው ሥር ከገበሬዎቹ ጋር አገኘችው። ተነስተው ቦታ ለቀቁላት፣ አልተቀመጠችም።

«የውሃ አባት፣ ይምጡና ይርገጡልኝ» አለችው።

«እቴ፣ አንቺማ ከሁላችን በላይ ውሃ አለሽ» አላት። «በየጠዋቱ አየዋለሁ እኮ፣ ሲያብለጨልጭ።»

«ውሃስ አለኝ» አለች። «ያጣሁት እግርዎን ነው። ድሮ ውሃ ባይኖርም እርስዎ ይመጡ ነበር። መሬቴን ረግጠው አይዞሽ ይሉኝ ነበር። አሁን ውሃው ይመጣል፣ ሰው ግን አይመጣም።»

ሰውየው ዶማውን አነሳ። ተነሳ። ገበሬዎቹም ነገሩን ለማየት ተከተሉት። ማሳው ጋ ሲደርስ በቦት ጫማው ገባ። ወዲህ ረገጠ፣ ወዲያ ረገጠ፣ ሁሉም አንድ ሆነበት፤ ላስቲክ ምን ያውቃል? ሴትዮዋ ጫማውን አየችው። ከዚያ ሰውየው ወጥቶ ድንበሩ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አንድ በአንድ አወለቀ። ነገሩ ይኸው ነው፣ መምህርት። ሌላ ተአምር የለውም።

ባዶ እግሩን ዝቅ ያለው ጥግ ውስጥ ሲያስገባ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ጭቃው ይሸታል፤ ሥሩ በስብሷል። ተስቦ ወጥቶ ከፍ ወዳለው ሄደ። እዚያ አንድ ጣት የማይሞላ ጭቃ አለ፣ ከሥሩ ያለው መሬት እንደ ሸክላ ደረቅ ነው። ተረከዙን ቢመታው አልገባም። ያ ሁሉ ውሃ በላዩ አልፏል እንጂ አንድም ቀን አልገባበትም። ሰውየው እዚያው ቆሞ አለቀሰ። «አያለሁ አያለሁ እያልኩ አላየሁም» አለ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰማ «አላልኳችሁም? ጭናችሁ መልሱት» አለ።

የውሃ አባቱም «መልሰነው ውሃውን ከየት ላመጣላት ነው?» አለው። «አሥራ አንድ ዓመት በእግሬ ተመላለስኩ። እግሬ አንድ ዛላ አላበቀለላትም። የሚያስፈልጋት ሁለቱም ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጠዋት እስከ ቀትር ግርጌው ማሳ ውስጥ ዋለ። የበሰበሰውን ጥግ ተዉት፣ አለቀለት፤ የሞተውን ማሽላ ማንም አያነሳውም፣ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ከፍ ያለውን በዶማ ፈልፍሎ ትንንሽ ትልም አወጣለት። ሞተሩን ጥቂት አስነስቶ ያጠፋዋል። ይረግጣል። ቱቦውን ወደ ቀጣዩ ትልም ያዞራል፣ ያስነሳል፣ ያጠፋል፣ ይረግጣል። ለሕፃን እንደሚያጎርሱት በጥቂት በጥቂቱ። ድሮ ቢሆን የቦዩ ውሃ እያነከሰ እስኪወርድ ግማሽ ቀን ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ሞተሩ ውሃውን ወዲያው ስለሚያደርስለት ያ ግማሽ ቀን የእሱ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ለሾላው ጥላ ይሰጠው የነበረውን ጊዜ ለግርጌው ሰጠው። ሴትዮዋንም ጫማዋን አስወልቆ አስረገጣት። ጭቃው ቁርጭምጭሚቷን ሲይዛት ማወቅ ጀመረች። አንድ ቀን ሳይነግራት ራሷ ሄዳ ሞተሩን አጠፋች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ በቃኝ አለች።

የእሸት ቀን ደረሰ። ሰው ሁሉ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። የዚያ የራስጌ ገበሬ ሚስት እንደየዓመቱ ለሴትዮዋ ድርሻ አስቀምጣላታለች። ሴትዮዋ ግን ዘገየች። «ዘንድሮ አፈረች መሰል» ተባባሉ። የውሃ አባቱን ሊያጎርሱት ቢሉ ሆዴን አሞኛል ብሎ አልበላም። ዓይኑ ግን ከቦዩ መንገድ አልተነሳም።

ፍሙ ሊከስም ሲል መጣች። በነጠላዋ ጫፍ አራት ዛላ ጠቅልላ ይዛለች። ማንንም ሳታናግር ፍሙ አጠገብ ተንበርክካ ራሷ ጠበሰችው። እሸቱ ገና ነበር፤ ወተቱን አልጨረሰም። ስታሸው ግማሹ መዳፏ ላይ ፈረጠ። የቀረውን እፍ ብላ ተነሳችና መጀመሪያ የውሃ አባቱ ፊት ቆመች።

«ከእኔ ይብሉ» አለችው።

ሰውየው አፉን ከፈተ። እሸቱ ውሃ ውሃ፣ ሣር ሣር ይል ነበር። አላምጦ ዋጠና «እግዜር ይስጥሽ» አላት። «ውሃ ውሃ ነው» ያለው ገበሬ ቀመሰና «ይህማ ገና...» ሊል ሲል ፊቷን አየና «ድገሚኝ» አላት። ያ ሽማግሌም፣ የሚያጨስ ነገር ያጠጣው እህል አይባረክም ያለው፣ መጨረሻ ላይ መጥቶ አፉን ከፈተላት። አራቱ ዛላ ለሁሉም አልበቃም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀው የእሷ ነበር። በዚያ ቀን መዳፏ ጠቁሮ፣ ገለባ ተጣብቆበት ወደ ቤቷ ተመለሰች። እስኪመሽ አልታጠበችውም ይባላል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። የግርጌው ማሳ የቆላው ልጅ ነው፤ ሞተሩ ታብሌቱ ነው፤ በየሳምንቱ የምትልኩት አረንጓዴ ሪፖርት ያ ብልጭልጭ ነው። የሒሳቡን መምህርና የአማርኛውን መምህር ሾላው ሥር ሲጨቃጨቁ አይተሻቸዋል። ይህን ሳልነግርሽ ደርሰሽበታል፣ ጎበዝ ነሽ።

አልደረስሽበትም ብዬ የምፈራውን ልንገርሽ። የጠየቅሽኝ ታብሌቱ ያስተምራል ወይ ብለሽ ነው። ያስተምራል። አንዱን ቃል መቶ ጊዜ ሳይሰለች ይደግምላታል፤ እኔ ሦስተኛው ላይ እቆጣ ነበር። ስትሳሳት አይስቅባትም፣ የጎረቤት ልጅ ጠርቶ አያወዳድራትም። ግን ልጄ፣ ሞተር እሸት አይበላም። ዘሃራ ያን ሁሉ ቃል አጠራቅማ ለማን ታጉርሰው? የተማረችው ነገር ሁሉ ከመስተዋቱ መጥቶ ወደ መስተዋቱ ይመለሳል። ክፍል ስትገባ ደግሞ አጠገቧ ያለችው ልጅ «እንዲህ ማለቷ ነው» እያለች በሹክሹክታ ታጎርሳታለች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ዘሃራም አመስግና ትጎርሳለች። ሰባት ወር የሰው ቃል ስትጎርስ ቆይታ አንድ ቀን መዳፏን አየችና አልመለስም አለች። እኔ በእሷ አልፈርድም።

ያ ታብሌት በየቀኑ አርባ ደቂቃ አትርፎልሻል። ልጆቹ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አጥልቀው ሲቀመጡ አንቺ መዝገብ ትሞያለሽ፣ ፈተና ታርሚያለሽ። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ፣ ስለዚህ አትቆጪኝ። ያ አርባ ደቂቃ የውሃ አባቱ ግማሽ ቀን ነው። «መሣሪያው እያለ እኔ ምን ልሠራ ነው?» ብለሽኝ አልነበር?

እኔ ሞተር አልነበረኝም። ሰባ ተማሪ፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ሣጥን ጠመኔ። ውሃዬ ራስጌ ላይ ያልቅ ነበር። ለፊተኞቹ ወንበሮች አስተምራለሁ፣ እነሱ ይመልሳሉ፣ ክፍሉ ገባው እላለሁ። መጨረሻው ረድፍ ላይ አንዲት የቆላ ልጅ ነበረች። ስም ስጠራ እጇን ታነሳለች፤ ሌላ ነገር ከእሷ አልጠየቅኩም። ሰኔ ላይ ወደቀች፣ መስከረም አልመጣችም። ስሟን እስካሁን አውቀዋለሁ። መልኳንም አልረሳሁትም፤ ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር የምትይዘው። ድምፅዋን ግን አላውቀውም። አንድ ዓመት ሙሉ አስተምሬያት ድምፅዋን አላውቀውም። አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚህ ተቀምጬ አንዳንድ ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚናፍቀኝ ሰምቼው የማላውቀው ያ ድምፅ ነው። ያኔ እናንተ የምትጣሉበት መሣሪያ ቢኖረኝና ግማሽ ሰዓት ቢያተርፍልኝ ምን አደርግበት እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን አውቀው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ ነገ ስትገቢ ታብሌቱን አትቆልፊበት፣ አትደገፊበትም። ለልጆቹ ስጪያቸውና ጫማሽን አውልቂ። የእውነት አውልቂ አላልኩም፤ መምህርቷ አበደች ይሉሻል። ወንበር ሳቢና ዘሃራ አጠገብ ተቀመጪ። አንድ ነገር ጠይቂያት፣ የምታውቀውን፤ ስለ ቤቷ፣ ስለ መንገዷ። ዝም ትል ይሆናል። ጠብቂያት። ከዚያ ሁለት ሦስት ቃል ትሰጥሽ ይሆናል፣ የተሰባበረ፣ ቦታውን የሳተ፣ ሣር ሣር የሚል። እጅሽ ወደ ቀይ እስክሪብቶው እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ የእኔም ይሄድ ነበር። እርማቱ ነገም ይደርሳል። አንቺ መጀመሪያ ጉረሺ።